የአባቴ ሽጉጥ የወጣበት ለቅሶ

ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ በሚባለው የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከኤድመንተን ነበር። አጎቴ ጋሼ ታደሰ አርፈዋል። መንገዱ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሐሙስ እግሬን እየጎተትኩ ነው። የምፈራው ባለቤታቸውን እትዬ ዘውድነሽን ነው። የምፈራበትን ምክንያት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዛሬ ሃምሳን አልፌያለሁ። አባቴ በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ካልጋሪ ከመጣ በኋላ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ባልደረባው ዕድሜ የጠገበ የኢላማ ሽጉጥ ነበረውና በሕጉ ተፈራርመው ለአባቴ አስተላለፈለት። አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ የእንጨት እጀታው በብዙ መዳፍ ታሽቶ የወየበ፣ ስድስት ጥይት የሚጎርስ ባለ ተሽከርካሪ ካዝና ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ተኩስ መለማመጃ ይዞኝ ይሄዳል። እናቴ በፎይል የጠቀለለችልንን እንቁላል በቃሪያ መኪና ውስጥ እንበላለን፣ ከቴርሞሱ ሻይ እንጠጣለን። በመከር ወራት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ስንዴ ቢጫ ሆኖ ዓይን እስከሚደርስበት ይዘረጋል።

"ሰናይት፣ ይሄ ሽጉጥ ሰው አያውቅም" ይለኝ ነበር። "የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው።" ጦርነት ያየ ሰው ነውና ይህን ሲል ፊቱ ይፈካል።

ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እኔና ጋሼ ታደሰ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ነበር። "ሽጉጡ ያንቺ ነው" አለኝ። "ላይሰንስሽን አውጪና ተደሰቺበት። ቆልፈሽ እንዳታስረጂው።" ሳምንትም አልቆየ፣ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ያለችው ቤታችን ለቅሶ ደራሹን አልችል አለች። ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ በረዶውን አቅልጦት ስለነበር ሰዉ ወደ ጓሮ ወጣ። ጋሼ ታደሰ የአባቴ ታናሽ ናቸው፤ ከአገር ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፣ ባለቤታቸውን ከደሴ ለማስመጣት ፋይል ከፍተው ይጠባበቃሉ። ወጥ ቤት መጥተው ለብቻዬ ጠሩኝ።

"ሽጉጡን አምጪው።"

"ጋሼ፣ እዚህ እኮ አይቻልም። ሎክድ መሆን አለበት፣ ኢሊጋል ነው።"

"የወንድ ልጅ ለቅሶ መሣሪያው ሳይወጣ ይደረጋል? አገር ቤት ቢሆን ፈረሱም ይወጣለት ነበር። እዚህ እንግዲህ አውቶቡሱን አላወጣለት! ጥይት የለበትም፣ አምስት ደቂቃ ነው።"

ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር። አባቴ እንደነገሩ ተለቀሰለት መባሉ አሳፈረኝ። ሽጉጡ የተቆለፈበት ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር፤ አወለቅኩና በእጄ ሰጠኋቸው።

ሽጉጡን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ወንድማቸውን በስም እየጠሩ ሲዞሩ ጓሮው በለቅሶ ተናጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። እኔም ከልቤ ያለቀስኩት ገና ያን ጊዜ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ምን መስሎት እንደደወለ መገመት አያዳግትም፤ ፈርጄበትም አላውቅም።

ሦስት ፖሊሶች በጎን በር ገቡ፣ መሣሪያቸውን ደግነው። "ድሮፕ ኢት!" እያሉ ይጮኻሉ።

"ይጣሉት ጋሼ! ይጣሉት፣ ይገድሉዎታል!"

"የሟች መሣሪያ መሬት አይጣልም" አሉኝ። እጃቸው አልላላም።

እኔ ባዶ ነው፣ ጥይት የለውም እያልኩ በእንግሊዝኛ እለምናለሁ፤ ማን ይስማኝ? ጋሼ ታደሰ ቀስ ብለው በአንድ እጃቸው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጭቃው ላይ ዘረጉት። ሽጉጡን አስተኙበት። አንዱ ፖሊስ ጣቱን ቢያንቀሳቅስ ኖሮ በአንድ ሳምንት ሁለት ወንድማማች እንቀብር ነበር። ከዚያ በደረታቸው ተኙ፣ እጃቸውም በካቴና ታሰረ።

ጋሼ እንግሊዝኛ አይችሉም፤ አስተርጓሚያቸው እኔው ሆንኩ። ፖሊሱ ሣጥኑን ማን እንደከፈተው፣ ቁልፉን ማን እንደሰጣቸው ጠየቀ። እኔ ነኝ ካልኩ ላይሰንስ የለም፣ ሽጉጡም ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ኑዛዜውን አብረን ሰምተናልና ይህ ለጋሼ ታደሰም አልጠፋቸውም። ጭቃ የበላውን ፊታቸውን ቀና አድርገው አዩኝ።

"ከወንድሜ ኪስ ሰርቄ ነው በይው።"

"ጋሼ…"

"በይው፣ ልጄ።"

አልኩት። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ አንድም ቃል ሳልስት።

እሳቸው ተከሰሱ። ክሱ እስኪዘጋ የእትዬ ዘውድነሽ ፋይል ቆመ፤ ከተዘጋም በኋላ ተንቀራፈፈ። አራት ዓመት ደሴ ላይ ጠበቁ። ሲመጡ ለመውለድ ዕድሜያቸው አልፎ ነበር። እኔ በየወሩ ነገ እናገራለሁ እያልኩ እምል ነበር፤ አንድ ቀንም ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ደርሼ በመጣሁበት ባቡር ተመለስኩ። የሽጉጡን ኮርስ ግን ወስጄ አለፍኩ። በቀጣዩ መከር ላይሰንሴን አሳይቼ የአባቴን ሽጉጥ ተረከብኩ።

በመጀመሪያው እሁድ ብቻዬን ሄድኩ። እጀታው ላይ የአባቴ አውራ ጣት ያሟለጠው ቦታ አለ፤ የኔ ጣት ልክ ገባበት። ስድስቱን ተኮስኩ፣ ስድስቱም መሐል ክቡ ውስጥ ተሰባሰቡ። ብቻዬን ቆሜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ያመለጠኝ እሁድ ጥቂት ነው።

ጋሼ ታደሰ አንድም ቀን ነገሩን አላነሡብኝም። ስንገናኝ "ትተኩሻለሽ?" ይሉኛል፤ አዎ ስላቸው "ጎሽ" ብለው ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳሉ። እትዬ ዘውድነሽ ደግሞ እንግዳ ፊት "ይሄ ሌባ እኮ ነው ያስቀረኝ" እያሉ ባላቸውን ይተርቧቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና።

ዛሬ ሕጉ ተለውጦ ሽጉጡን ለልጄ ላወርሰው አልችልም፤ በእኔ ያበቃል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ነገ ሄጄ ለእትዬ ዘውድነሽ እነግራቸዋለሁ፤ ባላቸው በእኔ ጥፋት ሌባ ተብለው መቀበር የለባቸውም። ቢረግሙኝ እችለዋለሁ፣ ከቤታቸው ቢያስወጡኝም ይገባኛል። የጨነቀኝ ረጋ ብለው "ለመሆኑ ደስ አለሽበት?" ብለው የጠየቁኝ እንደሆነ ነው። ደስ ብሎኛል፣ እትዬ። በየእሁዱ ደስ ብሎኛል።