ሰማያዊው የፋብሪካ ቀለም

አልለቅም ያሉት የመኪናቸውን ቀለም ነበር። ጡረታ የወጡት አዋላጅ ሌላውን ሁሉ ዕድሜ እጁን ዘርግቶ ሲጠይቃቸው ያለ ሙግት አስረክበዋል፤ ጥርሳቸውን ለሐኪም፣ ጥቁር ፀጉራቸውን ለሽበት፣ የጓዳውን ሥልጣን ለሴት ልጃቸው ሰጥተው በበረንዳቸው ወንበር ተወስነዋል። መኪናዋ ከፋብሪካ ለብሳው የወጣችውን ያንን ውሃ ሰማያዊ ቀለም ግን ከእርሳቸው እጅ በቀር የማንም እጅ እንዲነካው አልፈቀዱም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ሰፈርተኛው። ተረቱ ከጆሯቸው በደረሰ ጊዜ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል።

መኪናዋን የገዙት በወጣትነታቸው ነው። በሚሠሩበት ሆስፒታል ግቢ መኪና የሚያቆሙት ወንዶች ብቻ በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ መሪ ጨብጠው ሲገቡ ያየ ዘበኛ «ሾፌሩ የታለ?» ብሎ መንገድ ዘጋባቸው። «ይኸው ከፊትህ ተቀምጧል» ብለውት አለፉ። ከዚያ በፊትም ሻጩ፣ «ለሴት ነጭ ይሻላል፤ ነጭ ጨዋ ቀለም ነው» ሲላቸው፣ «ነጭማ ቀኑን ሙሉ ለብሼው እውላለሁ፤ ይልቅ ሰማያዊዋን አውጣልኝ» ብለው አፉን አስይዘውታል። እነሆ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀለሙ የእርሳቸው ምርጫ፣ ጥበቃውም የእርሳቸው ግዴታ ሆነ።

ሥራው የራሱ ሥርዓት ነበረው። መኪናዋ በግቢው ግንብ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ ብረቱ እስኪበርድ ይጠበቃል። ታጥባ ከደረቀች በኋላ አዋላጇ ቀኝ እጃቸውን በስስ ፌስታል ይሸፍኑና ኮፈኑን በጣቶቻቸው ጫፍ ይዳስሳሉ፤ ዓይን የሳተውን የአሸዋ ቅንጣት ጣት በፌስታል ውስጥ ሆኖ ያገኘዋልና። እንዲህ ሲዳስሱ ያየ ሰው፣ የስንት እናት ሆድ የዳሰሱ እጆች መሆናቸውን አይስትም። ቀጥለው ጠርዝ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናሉ። ቀለም በጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ስስ ነው፤ መወልወያ ከተደጋገመበት ይገፈፋል። ከዚያ ቀለሙን በማጽጃ ፖሊሽ ወልውለው፣ ሰሙን በስፖንጅ ቆንጠር አድርገው በስሱ ያለብሱና ደብዘዝ እስኪል ይታገሣሉ። በጣታቸው ጫር አድርገው ከሥሩ ጥርት ያለ መስመር ሲወጣላቸው ጨርቃቸውን ያነሣሉ።

«ሲስተር፣ ዛሬም ልጅቷን ገላዋን እያጠቧት ነው?» ይላቸዋል በአጥር ላይ የሚያጮልቀው ጎረቤታቸው፣ ጫማ ሰፊው።

«አንተ ደግሞ የሰው ጫማ ስታሳምር ትውላለህ፤ የራስህ ተረከዝ ግን ለአይጥ በር ከፍቷል!»

«የራሴማ ወረፋው መች ደረሰኝ!» ብሎ እየሳቀ ይሰወራል።

በዚህ ዓመት ግን የቀኝ ትከሻቸው አመፀባቸው። ሐኪሙ ክንዳቸውን ከደረታቸው በላይ እንዳያነሡ ከለከለ። ልጃቸው፣ እናቷ በርጩማ ላይ ቆመው የመኪናዋን ጣራ ሲወለውሉ ባየች ቁጥር ነፍሷ ትወጣለች።

«እማዬ፣ ወይ ክንድሽን ወይ መኪናዋን፤ አንዱን ምረጪ!»

«አንቺን በወለድኩ ጊዜም እንዲህ ያለ ምርጫ የሰጠኝ የለም። ሁለቱንም ይዣለሁ።»

ታናሽ ወንድማቸው የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ ስመ ጥር ጋራዥ አለው። እሱ ደግሞ የራሱ ቁስል ነበረበት። «እትዬ፣ የከተማውን መኪና ሁሉ ቀባሁ፤ የእህቴ ብቻ ቀረችኝ። እህቱ ያላመነችውን ማን ያምነዋል እያሉ ይስቁብኛል። ስጪኝ፣ አሮጌውን ልግፈፍና አዲስ ላልብሳት፤ ከላዩ ቫርኒሽ እደርብበታለሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራሽ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ነው።»

«ገፈህ የምትጥለው እኮ እኔ የምወደውን ነው፣ ወንድሜ። ሙያህን አልናቅሁም፤ መኪናዋን ግን አልሰጥም።»

ስለዚህ አጎትና የእህት ልጅ መከሩ። ቀለሙ አይገፈፍም፤ በማሽን ተወልውሎ ዓመት የሚያዘልቅ ሰም ይለብሳል። አዋላጇም ውበቱን ሲያዩ ይረታሉ፤ በርጩማውም ይሰናበታል። የታሰበው ክፉ አልነበረም። እርሳቸው ትከሻቸውን ሊታሹ ወደ ክሊኒክ በሄዱበት ረፋድ ቀለም ቀቢው የመወልወያ ማሽኑን ተሸክሞ ገባ።

ጠርዝ በፕላስተር እንደሚሸፈን ጠፍቶት አይደለም፤ የጋራዡን ሠራተኞች በዚሁ ጉዳይ ሲቆጣ የሚውል ሰው ነው። ግን አንድ ዓይኑ ከኮፈኑ፣ አንድ ዓይኑ ከግቢው በር ነበር። ያን ሁሉ መኪና የቀባ እጅ ታላቅ እህቱን ፈርቶ ተጣደፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የሚሽከረከረው ስፖንጅ የኮፈኑን አፍንጫ አንዴ አልፎ ሲመለስበት ሰማያዊው ከስሞ፣ የሕፃን መዳፍ የምታህል ግራጫ ቦታ ብቅ አለች። የሥረኛው ቀለም ነበረች።

አዋላጇ የግቢውን በር ከፍተው የገቡት በዚያው ቅጽበት ነው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ልጃቸው ሮጣ ከፊታቸው ቆመች።

«እማዬ፣ እሱ ጥፋት የለበትም፤ ያስጠራሁት እኔ ነኝ።»

አዋላጇ ልጃቸውን በእጃቸው ጀርባ ገለል አደረጓት። ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብለው ግራጫዋን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ለቅሶ የጠበቁ ቅር ይበላቸው፤ አላለቀሱም።

«ፕላስተሩስ?»

«ቸኮልኩ፣ እትዬ።»

«ማን አስቸኮለህ?»

«አንቺ!»

«እኔ በሌለሁበት?»

«አለመኖርሽ ነው እኮ ያስቸኮለኝ!»

ከአጥሩ ማዶ ጫማ ሰፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አዋላጇም ሳይወዱ ሊስቁ ቃጣቸው።

«እንግዲህ ምርጫ የለም» አለ ወንድምየው ላቡን እየጠረገ። «ኮፈኑ መቀባት አለበት። ኮፈኑ አዲስ ሲሆን ጎኖቹ ያሳጡታል፤ እነሱም ይቀባሉ። በነጻ ነው፣ እትዬ፤ ነገውኑ እወስዳታለሁ።»

«አትወስዳትም።»

ይህን ጊዜ ሲጠራቀም የኖረው ቁጭቱ ገነፈለ። «ቀለሙ እኮ ከዛሬ በፊት አልቋል! መወልወያ ጨርቅሽ ሁልጊዜ ሰማያዊ የሚሆነው ከምን መሰለሽ? ከሷው ገላ ነው! እኔ ዛሬ አንድ ቦታ ገፈፍኩ፤ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ስትገፍፊው ኖርሽ!»

ልጃቸው አጎቷን በዓይኗ ወጋችው። ነገሩ ግን እውነት ነበረ፤ እውነት መሆኑንም ከአዋላጇ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሰሙ ይጠብቃል፤ ከሰሙ በፊት የሚገባው ማጽጃ ፖሊሽ ግን ባጸዳ ቁጥር ጥቂት ቀለም ይዞ ይሄዳል። ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ራሳቸው አጥበው ራሳቸው ሲያሰጡት፣ ውሃው ምን ይዞ እንደሚወርድ አይተዋል። ያሳሳው ፍቅራቸው ነው። ወንድማቸው በቁጣ የተናገረውን እርሳቸው በልባቸው ከተስማሙበት ቆይተዋል።

ዞረው ወደ ቤት ገቡ። የተረቱ መስሎት ቀለም ቀቢው የማሽኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። አዋላጇ ግን የሰሙን ቆርቆሮ በብብታቸው ሸጉጠው፣ በርጩማውን እየጎተቱ ተመለሱ። ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ተቀመጡ፤ ቀኝ ክንዳቸውን እንደታመመ ሕፃን በጭናቸው ላይ አስተኙት፤ በማያውቅበት በግራ እጃቸው ስፖንጁን ይዘው የግራጫዋን ቦታ ዙሪያ ሰም ይቀቡ ጀመር። መስመሩ ይጣመማል፤ መልሰው ያቀኑታል።

ልጃቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ድምፅዋ ለልመና ዝቅ ብሎ ነበር።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ይህን ጉድ ግንባሯ ላይ ይዘሽ በየመንገዱ ልትሄጂ ነው? ሰውስ ምን ይላል? ደግሞስ ይሄ ቀለም ጨርሶ ሲያልቅ ምን ልትሆኚ ነው?»

አዋላጇ እጃቸውን ሳያቆሙ፣ ወንድማቸውም ጎረቤታቸውም በሚሰሙት ድምፅ መለሱ፦

«ሰው ያሻውን ይበል፤ ስገዛትም ሲል ነበር። ይህን ቀለም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የወለወልኩት እኔ ነኝ፤ አዎ፣ ያሳሳሁትም እኔው ነኝ፤ የቀረውንም የምጨርሰው እኔ ነኝ። ቀኜ እምቢ ካለኝ በግራዬ፤ ግራዬም ካመፀ ቁጭ ብዬ እጄ እስከደረሰበት። ይቺን የተላጠች ቦታ ማንም እንዳይሸፍንብኝ፤ እንዳትዝግ ሰም አጠጣታለሁ፤ በቃት። አዲስ ቀለም ያማረው ሰው የራሱን መኪና ይቀባ። አጎትሽን ቁርስ አብዪው፤ ደንግጧል። አንቺ ደግሞ ያንን ጨርቅ አቀብዪኝ፤ ንጹሑን፣ መሬት የወደቀውን አይደለም።»