ጠብ የማይል ቀዳዳ

ኩሬያችን ከቤታችን በታች፣ ከነጭ ሽንኩርቱ መደብ ጎን ነው። ክረምት ከጣሪያውና ከግቢው የሚወርደውን ውሃ ያጠራቅምልናል። ውሃው ወደ መሬት እንዳይሰርግ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎበታል። ላስቲኩ ውሃ ይይዛል፣ እግር ግን አይይዝም። አምና አንዲት በጋችን ልትጠጣ ወርዳ ተንሸራተተችና መውጣት አቃታት። ጠዋት ተንሳፋ አገኘናት። ያን ዕለት ዙሪያውን በእሾህ አጠርኩ፤ ወፍራም ገመድም በየክንዱ ቋጥሬ ከባሕር ዛፉ ግንድ ወደ ውሃው ለቀቅኩ። ባለቤቴ፣ በግ ገመድ መያዝ መቼ ታውቃለች ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ያሰብኩት በግ አልነበረም።

የውሃ ሞተር ከገዛን በኋላ ግን ወደ ኩሬው የሚወርድ ሰው ስላልነበረ ልቤ አርፎ ነበር። ሞተሩ የኛና የጎረቤታችን የሸህየው የጋራ ነው። እሳቸው በቤታቸው ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ፤ ከአጥሩ ወዲያ ድንችና ጎመን አላቸው። አንድ ቀን እኛ፣ አንድ ቀን እሳቸው እያልን በተራ ከዚሁ ኩሬ እናጠጣለን።

የካቲት ላይ፣ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር፣ ሞተሩ ውሃ መያዝ ተወ። በአናቱ ባለው ክዳን ውሃ ሞልተን ስናስነሳው ትንሽ ይስባል፤ ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ውሃው አረፋ እየቀላቀለ፣ እንደ ጉንፋናም ሰው እያስነጠሰ ይወጣና ይቋረጣል። ሞተሩ ብቻውን ይጮሃል። ባለቤቴ ተሸክሞ መካነ ሰላም ከተማ ወደ መካኒክ ወሰደው። መካኒኩ ፈቶ አየው፣ በራሱ ቱቦ ከበርሜል አሳበው፣ ደህና ሠራ። የናንተ ቱቦ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል፣ ፈልጉት ብሎ መለሰው።

ፈለግነው። ባለቤቴ ከኩሬው እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ በደረቅ ጨርቅ ወለወለና ጎንበስ ብሎ የሚረጥብ ቦታ ጠበቀ። እኔም በማዶ በኩል ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩ። ውሃ የሚይዝ ዕቃ ሲቀደድ ያንጠባጥባል፤ እንስራም፣ ጀሪካንም እንደዚያው ነው። ቱቦው ግን ደርቆ ቀረ። «ጠብ የሚል ነገር የለውም፤ ሰውየው ቀልዶብን ነው» አለ ባለቤቴ።

በዚህ መሐል ከአቀስታ በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ብርድ የሽንኩርቱን ቅጠል ጫፍ ጫፉን አቃጠለው። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በጀሪካን እየቀዳች ማጠጣት ጀመረች። እኔ ልውረድ ብላት ወገብሽን ያምሻል ብላ አልሰማ አለችኝ። በአንድ እጇ ገመዱን ይዛ ላስቲኩ ላይ ትንበረከካለች፣ በሌላው ጀሪካኑን ታጠልቃለች። እኔ ወገቧን በነጠላዬ አስሬ ጫፉን ጨብጬ ከላይ እቆማለሁ።

«እማዬ፣ በጓን አደረግሽኝ እኮ» ትለኛለች። እሷ ትስቃለች፣ እኔ በልቤ ማርያምን እጠራለሁ።

አንድ አርብ ጠዋት እግሯ ከዳት። እስከ ጉልበቷ ብቻ ነበር የገባችው፤ ገመዱንም አልለቀቀችም። ጫማዋን አራግፋ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ፣ የስንዴ ዱቄት ሳቦካም፣ ያቺን እግር እያሰብኩ ዋልኩ።

ሊጡ ነው ነገሩን ያመጣው። ለበዓል አረቄ ሳወጣ ማሰሮውና መቃው የሚጋጠሙበትን ቦታ በሊጥ እመርገዋለሁ። ካልተመረገ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ አረቄውም አይወርድም። ታዲያ የቱቦውን መጋጠሚያ ለምን አልመርገውም አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከስንዴው ሊጥ ቆርሼ ወረድኩ። ባለቤቴ ጥርጣሬውን በፊቱ አሳየኝ እንጂ አልከለከለኝም። ቱቦው ከሞተሩ አፍ የሚታሰርበትን የብረት ቀለበት ዙሪያውን በደንብ መረግኩና አስነሳው አልኩት።

ሸህየው ድምፁን ሰምተው የሙሰበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። ተራው የሳቸው ነበር። ሊጡን አይተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ የአረቄው ሊጥ ነው? በዚህ ውሃ ለሶላት ውዱእ ላደርግ ነው እኮ።»

«የስንዴ ሊጥ ነው አባባ፣ አረቄ በደጁም አላለፈ። ከተረፈ ጋግሬ አበላዎታለሁ።»

ውሃው መጣ። አረፋ የሌለው ንጹሕ ውሃ ነበር። ግን ወዲያው እንደ ልማዱ ማስነጠስ ጀመረና ተቋረጠ። ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋው። ሸህየው፣ እንግዲህ ሞተሩ ቁርሱን በላ አሉ፤ ባለቤቴም አፍኖት የሰነበተውን ሳቅ ለቀቀው። እኔ አፍሬ ሊጡን ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

ሊጡ ከላይም ከጎንም እጄ እንደተወው ልስልስ ብሎ ተቀምጧል። ከሥር በኩል፣ ወደ መሬት በዞረው ጎን ብቻ፣ እንደ እምብርት ወደ ውስጥ ገብቷል። መካከሉ ላይ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች። በጣቴ ዳሰስኳት። የአረቄዬ ሊጥ ሲሸነፍ ወደ ውጭ ነው የሚያብጠው፣ እንፋሎቱ ይገፋዋልና። ይህኛው ወደ ውስጥ ነበር የተሳበው።

«ይሄ ነገር የሚያፈስ አይደለም፣ የሚምግ ነው» አልኩ። «ምን ሊያንጠባጥብ? እኛ እርጥብ እንፈልጋለን፣ እሱ አየር ይጠጣል።»

ባለቤቴ ሊጡን ጠርጎ ቦታው ላይ በውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠመጠመበትና አስነሳው። ውሃው መጣ፤ አልተቋረጠም። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርገው ቀጭን ፉጨት ተሰማና ውሃው አስነጠሰ። መልሶ ሲሸፍነው ተስተካከለ። ሦስታችንም ተያየን። ሞተሩን አጥፍቶ ቀለበቱን ሲፈታው ቱቦው ከሥሩ እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ተሰንጥቆ ነበር። ቀለበቱ ሲጠብቅበት የበላው ይመስላል፤ በጨርቅ ስንወለውል አላየነውም፣ ብናየውም መጨማደድ ነው ብለን እናልፈው ነበር።

የተሰነጠቀውን ጫፍ በቢላዋ ቆርጦ ጣለው። አዲሱን ጫፍ እንዲገባ ሳሙና ቀባነው፤ ከቀለበቱ ሥር የአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ፣ ቆርጠን ጠመጠምንበትና አጠበቅነው። ቱቦው ስላጠረ ሞተሩን ጥቂት ወደ ኩሬው አስጠጋነው። እኔ በዚያ ብቻ ተከራከርኩ፤ ዳሩ ላይ አታድርገው አልኩት፣ አላደረገውም።

የተነሳው ውሃ ቀድሞ የሄደው ወደ ሸህየው ድንች ነው፣ ተራው የሳቸው ነውና። ቦዩ ዳር ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ነከሩ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «አላህ ለሊጥሽም ሥራ ሰጠው። ከእንግዲህ ያቺ ልጅ ኩሬ አትውረድ።»

ለካ እሳቸውም በአጥሩ በኩል ያዩን ኖሯል። ወደ ቤት ገባሁና የተረፈውን ሊጥ ጋግሬ ላክኩላቸው።

ልጄ ከገበያ ስትመለስ ውሃው በቦዩ እየወረደ አገኘችው። ማን ሠራው ብላ አልጠየቀችም። ጀሪካኑን አጥባ አጥሩ ላይ ገልብጣ ሰቀለችው። «በጓ ተፈታች» አለችኝ።

ነጠላዬን አጥቤ አሰጣሁት። ገመዱን ግን ከባሕር ዛፉ አልፈታሁትም።