ከሎሚ ጋር የተላከው አሳ

በኬንያ፣ ከኪሱሙ ገበያ ጀርባ፣ ከዋርካው ሥር የመንገድ ፓርላማ አለን። ደመወዝ የለውም፤ አፈ ጉባኤ ግን አለው፤ አሳ በጭስ አድርቆ የሚሸጠው ኦዴራ። ጋዜጣም መጽሐፍም ጮክ ብሎ የሚያነብልን እሱ ነው። ደስ የምትለኝን ሕግ ያወጣውም እሱ ነው፦ የባላንጣ መጽሐፍ ሲነበብ ገጽ አይዘለልም። «ለመስደብም ቢሆን ሙሉውን ሰምተን ነው» ይላል።

ኦዴራ ለተቃዋሚ ፓርቲያችን ግራ ዓይኑን ሰጥቷል። ያኔ ሊቀ መንበራችን «ነገ ከፊታችሁ እሄዳለሁ» ብሎ ለሰልፍ ጠራን። ኦዴራ ጠዋት በዘይቱን እንጨት ጭስ ያደረቀውን አሳ፣ ሎሚ አስጎርሶ፣ «ጉልበት ይሁንዎ» ብሎ ደጁ አደረሰለት። ሎሚ የሚያስጎርሰው ለሚወደው ሰው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ላይ የአስለቃሽ ጭስ ቆርቆሮ የኦዴራን ዓይን መታው። ሊቀ መንበሩ አልመጣም። ቤቱ ተከቦ ነው ተባለ፤ አመንን።

ባለፈው ወር የገዢው ፓርቲ ሚኒስትር የነበረው ቼሊሞ ትዝታውን አሳተመ። ልንሳለቅበት ተሰበሰብን። መጽሐፉ ግን ጣፋጭ ሆነብን! ቼሊሞ ለምረጡኝ ቅስቀሳ ሲዞር ድንበር ስቶ ኡጋንዳ ይገባል። መንደርተኛው ንግግሩን ሰምቶ፣ አጨብጭቦ፣ ያደለውን ሩዝ በልቶ ካበቃ በኋላ «እኛ እንኳ የማዶ ሰዎች ነን» አለው።

ኦዴራ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ጃዱዎንግ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ከድተህ ልትመርጠው ነው እንዴ?» አለችው ድንች ጠባሿ አኮት።

«ዝም በይ እቴ! ጠላትም ቢሆን ወግ ያውቃል።»

ገጹን ገልጦ ቀጠለ። «በሰልፉ ቀን ሊቀ መንበራቸው በጓሮ በር እኔ ቤት ገባ። ከተማው እስኪረጋጋ አብረን ምሳ በላን። ምሳውን ያመጣው እሱ ነው፤ ዘይቱን ዘይቱን የሚሸት፣ ሎሚ የጎረሰ የደረቀ አሳ። እንደዚያ ያለ አሳ በልቼ አላውቅም። ማን ሠራው ብለው፣ ከመንገድ ገዛሁት አለኝ።»

«ዝለለው!» ጮኸች አኮት። «የጠላት ወሬ ነው!»

«ታዲያ ሎሚውን ለቼሊሞ ማን ነገረው?» አላት ኦዴራ።

ኦዴራ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ የሚያስቅ ቦታም ነበረው፣ ማንም አልሳቀም። ከዚያ መጽሐፉን ለአኮት ሰጣት።

«ነገ አንቺ ታነቢያለሽ።»

«ስለ ዓይንህ ነው የተናደድከው?»

«ዓይኔንስ ፈቅጄ ነው የሰጠሁት» አለ። «ስሜን ቢጠራለት ግን ምን ነበረበት?»