ሳይረኑ ጮኾ ያልተነሡት በያጅ

በመሳቢያዬ ውስጥ አንድ ሰማያዊ የድሮ ኮምፒውተር ዲስኬት አለ። የሚያነበው መሣሪያ ዛሬ አቃቂን ሁሉ ብትዞር አታገኝም። አንሥቼ ሳሸተው ግን የጋለ ብረትና የብየዳ ጭስ ይሸተኛል፤ ወይም የሚሸተኝ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ማሽን ጠጋኝ የነበርኩ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ራሴ ፈታሁት፣ ራሴ ገጠምኩት፤ የተረፉትን አራት ብሎኖች ለማስታወሻ አስቀመጥኳቸው። ፋብሪካውን ለቅቄ የጥገና ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ተበላሽቶ እኔ እጅ ያልገባ ኮምፒውተር አልነበረም። ዲግሪ የጫኑት እንኳ ያቃታቸውን ተሸክመው ይመጡ ነበር። ለመመካት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ያኔ አርባን ብሻገርም በኮምፒውተር ዕድሜ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ከሱቄ በስተግራ፣ ከፋብሪካው ፈትል ክፍል የወጣች አንዲት ሴት የቪዲዮ ስቱዲዮ ከፍታለች። በስተቀኝ ከብረታ ብረት ፋብሪካ በጡረታ የተሰናበቱ በያጅ በርና መስኮት ይሠራሉ። የሦስታችንም መብራት የሚመጣው በአንድ መስመር ነበር። በያጁ ብየዳ ሲጀምሩ የእኔ አምፖል እንደሚያልቅ ሻማ ይደክማል።

እኚህ በያጅ አለቃ የላቸውም፤ የሚፈርሙበት መዝገብም የለም። ሆኖም የፋብሪካው ሳይረን ለምሳ ሲጮህ መሣሪያቸውን ያስቀምጣሉ፤ ምሳ ሰዓት ሲያልቅ ሲጮህ ብድግ ይላሉ። አንድ ቀን ጉርሻ በእጃቸው ይዘው ሲነሡ አይቼ፣ "ጋሽዬ፣ ውጠው ቢነሡ ምን አለበት?" አልኳቸው።

"እግሬ እኔን መች ይሰማል? እሱን ነው የሚሰማው" አሉኝ።

ባለ ስቱዲዮዋ የመጀመሪያ የሠርግ ሥራዋን ይዛ ነበር። እሁድ በቅልቅሉ ዕለት ሁለቱ ቤተሰቦች ተሰብስበው ቪዲዮውን ሊያዩ ነው። ሐሙስ ጠዋት ስክሪኗ ላይ ዥንጉርጉር መስመር እየወጣ ሥራዋን ያቋርጣት ጀመር።

"ጋሼ፣ እሁድ ካልደረሰልኝ አቃቂ ውስጥ ማን ሠርግ ይሰጠኛል? ተመልሼ ፈትል ክፍል መግባቴ ነው" አለችኝ።

ሕመሙን ወዲያው አወቅኩት። ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ግራፊክስ ካርድ በውስጡ ፈርምዌር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለችው። እሷ አርጅታለች፤ በአዲስ መተካት ነው። አሮጌዋን ለመጠባበቂያ በዚህ ዲስኬት ላይ ገለበጥኳት። ይህን ጥንቃቄ ማን አስተማረኝ? ማንም። አዲሷ በምትጫንበት ጊዜ ግን መብራት ለቅጽበት እንኳ መድከም የለበትም። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ሲጀምር በያጁን እንዳይበይዱ ለመንኳቸው።

"እስከ ሳይረኑ ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ አላውቅልህም፣ አንተ የኮምፒውተር ደብተራ!" አሉኝ።

ሥራው የሁለት ደቂቃ ነበር፤ የምሳ ሰዓቱ ሙሉ የእኔ ነበር። ነገር ግን ደጃፌ ላይ የባጃጅ ሾፌሮችና የሻይ ቤቱ ደንበኞች ተሰብስበው ፈርምዌር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር ነው። አስረዳኋቸው፤ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ አዲሷን መጫን ጀመርኩ። ግማሽ ሳትደርስ ሳይረኑ ጮኸ። ከግድግዳው ማዶ ጭጭጭ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሰማያዊ ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ብልጭ አለ፤ አምፖሉ ደከመ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ። ሳጥኑ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጩኸት አሰማ። ካርዱ ሞቷል ማለት ነው።

ተማሪዎቼ "ምሳ ሰዓት አለቀ" እያሉ ተበተኑ። ባለ ስቱዲዮዋ አላለቀሰችም። "ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ አላሉኝም ነበር?" አለች። በሕይወቴ ከተሰደብኩት ሁሉ ያቺ ትብሳለች።

ያን ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ አሰብኩ። ካርዱ ምስል አይሰጥም እንጂ ኮምፒውተሩ ዲስኬት ያነባል። ስለዚህ አሮጌዋን ፈርምዌር በጨለማ፣ ስክሪን ሳላይ መመለስ ይቻላል። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ መሐል ላይ ቆሞ "ልቀጥል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ አንድ ፊደል መጫን አለብኝ፤ ከቸኮልኩ ከንቱ ነው። ጥያቄውን ሳላይ መምጣቱን እንዴት አውቃለሁ? በጆሮዬ! በሽመና ክፍል ያ ሁሉ ማሽን እየተንጫጫ የትኛው ክር እንደተበጠሰ በድምፅ የምለይ ሰው ነኝ። ዲስኬቱን በራሴ ኮምፒውተር እየደጋገምኩ አስነበብኩት፤ ጥያቄው ሲመጣ "አይሆንም" እያልኩ አቋረጥኩት። ክርር፣ ክርር፣ ጥርቅ፤ ከዚያ ዝም። ዝምታው ጥያቄው ነው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ልጀምር ስል መብራት ሄደ። የተመለሰው ሳይረኑ ሊጮህ ጥቂት ሲቀረው ነው። በያጁ የብየዳ ገመዳቸውን ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ እኔ ደጃፍ ላይ አኑረው ተቀመጡበት። የተሰበሰበውን ሰው "ሂዱ፣ ትምህርቱ ትናንት አልቋል" ብለው አባረሩት። ለእኔም፣ "አንተም ዛሬ አፍህን ዝጋ" አሉኝ።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ጮኸ። ዲስኬቱ ክርር ማለት ሲጀምር ሳይረኑ ለቀቀው። ጆሮዬ ሌላ ምንም አልሰማ አለ። መዳፌን ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፤ ክርርታው በጣቶቼ ገባ። በያጁን በዓይኔ ጠርዝ አየኋቸው። እግራቸው ሊነሣ ይታገላቸዋል፤ በሁለት እጃቸው መቃኑን ጨብጠዋል። ቁጭ እንዳሉ ናቸው።

ጥርቅ አለ ከመዳፌ ሥር። ከዚያ ዝም። ፊደሉን ተጫንኩ፤ ዲስኬቱ እንደገና ክርር አለ። ሲያበቃ ብዙ ቆየሁ፤ አጥፍቼ አበራሁ። አንድ አጭር ጩኸት፣ ከዚያ ነጫጭ ፊደላት በጥቁሩ ስክሪን ላይ ተደረደሩ። የባለ ስቱዲዮዋ እልልታ ሻይ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ዥንጉርጉሩ መስመር አብሮ ተመለሰ፤ እሷ ግን እየታገለችው እሁድ ቪዲዮውን አደረሰች።

አሁን ያ ሳይረን አይጮህም። በያጁንም ባለፈው ክረምት ቀበርናቸው። ከሱቄ በስተቀኝ የሞባይል መሸጫ ተከፍቷል፤ አምፖሌ ደክሞ አያውቅም። አንዳንዴ በምሳ ሰዓት ማብቂያ ላይ ቀና ብዬ አምፖሉን አያለሁ።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ያደረግኩትን ቁጠርልኝ። የሞተ ካርድ አስነሣሁ። ስክሪን ሳላይ ሠራሁ። ሳይረን እየጮኸ ዲስኬት በመዳፌ አዳመጥኩ። አንዲት ሴት ወደ ፈትል ክፍል እንዳትመለስ አደረግኩ፤ ዛሬ ያኔ የቀረጸቻቸውን ሙሽሮች ልጆች ሠርግ ትቀርጻለች። አንድ በያጅ ሳይረን እየጮኸ ቁጭ እንዲሉ አደረግኩ።

የመጨረሻውን ተወው። እሱን ያደረጉት እሳቸው ናቸው።