ከጽዋው የፈሰሰው

ዛሬ ጠዋት የሻይ ሲኒዬን ከነማስቀመጫው ሳነሳ ተንቀጫቀጨ። ጥርስ በብርድ ሲገጫጭ የሚሰማው ዓይነት ቀጭንና ችኩል ድምፅ ነው። ልጄ ከጓዳ «እማዬ፣ ምን ወደቀ?» አለች። ምንም አልወደቀም። ድምፁን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ እጅ ድምፅ ነው።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ከጭድ ተራ ጀርባ ስለነበር ጠዋት ስንነቃ መጀመሪያ የሚቀበለን የጭድ ሽታ ነው። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ ብናኙ በብርሃኑ መሃል ሲንሳፈፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። የአህያው ጩኸት፣ የተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!»፣ ከዚያ ሁሉ መሃል ደግሞ በረንዳው ላይ የአባቴ ስፌት መኪና። እግሩ መኪናውን ሲረግጥ አፉም አያርፍም ነበር፤ ደንበኛውን ሁሉ ይተርባል። ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ኮት ሊያሰፋ ከመጣ «ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት?» ይለዋል። ሰዉም ቀልዱን ለመስማት ሲል ቀጠሮው ሳይደርስ ይመጣ ነበር።

መጀመሪያ የከዳው ቀኝ እጁ ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተው። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር በየጠዋቱ መርፌዎቹ ላይ ክር እያስገባች የኮቱ ኮሌታ ላይ ትሰካለት ጀመር፤ እሱም አንድም ቃል ሳይናገር ለብሶት ይወጣል። ሐኪም ቤት ሄደ። ፈረንጁ ሐኪም ረጅም ንግግር አደረገ፤ አስተርጓሚው «እየባሰ ይሄዳል፣ መድኃኒትም የለውም ነው የሚሉት» ብሎ በአጭሩ ገላገለው። አባቴ ቤት መጥቶ «ለዚህ ነው ያን ሁሉ የለፈለፈው?» ብሎ አሳቀን። እሱ ግን አልሳቀም።

ጸበል ተጠመቀ። ገና ሳይነጋጋ አማኑኤል ደጅ ቆሞ «እጄን አርጋልኝ» እያለ ለመነ። እጁ አልረጋም። ያኔ ጋቢው ውስጥ ይደብቀው ጀመር፤ ተረቡም አብሮ ተደበቀ። ቤታችን ጭር አለ። ከበሽታው ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ያ ጭርታ ነበር።

አባቴ የአማኑኤልን ማኅበር ይጠጣ ነበር። ወር በገባ በሃያ ስምንት አባላቱ በየተራ ይደግሳሉ። በእኛ ማኅበር ወግ ባለተራው ጽዋውን እስከ አፉ ሞልቶ የንስሐ አባታችንን ያስባርካል፤ ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ አባሉን አንድ በአንድ ያጠጣል። ጽዋ ማፍሰስ ነውር ነው፤ አጉድሎ ማቅረብ ደግሞ የባሰ ነውር። ተራው ወደ እኛ ሲቃረብ አባቴ እናቴን «ይቺን ተራዬን ላውጣና እሰናበታቸዋለሁ» ሲላት ሰማሁ።

«ምነው?»

«የተቀጣ እጅ የአማኑኤልን ጽዋ አይዝም።»

እናቴ ጌሾውን እየወቀጠች አለቀሰች። ማኅበሩን ከተወ ሰውንም እንደሚተው፣ ሰውን ከተወ ደግሞ እንደማይተርፍልን ሁለታችንም አውቀናል።

ቀኑ ደረሰ። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፤ ቤቱ ድፎ ድፎ ሸተተ። ጓዳ ውስጥ ጽዋው ሲቀዳ እናቴ አጠገብ ነበርኩ። እናቴ እስከ ወገቡ ብቻ ቀዳችና ጥልፉን ጨርቅ አለበሰችው፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ። አባቴም ተቀብሏት እየተንቀጠቀጠ ሄደ፤ ጠብ ያለ የለም። የንስሐ አባታችን ሊባርኩ ጨርቁን ገለጥ አደረጉና ቆም አሉ።

«እመቤት፣ ጠላው አልበቃም እንዴ?»

«ኧረ አባ፣ ጋኑ ሙሉ ነው!» አለች እናቴ በድንጋጤ።

በሩ አጠገብ፣ ያሰቡትን ሳይናገሩ የማያድሩት ጎረቤታችን ባልቴት ተቀምጠዋል። «ጋኑ ሙሉ ሆኖ ጽዋው ጾመኛ ነው?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። አባቴ ጽዋውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ገባው።

«ሙዪው» አላት።

«ይፈሳል» አለች በሹክሹክታ።

«ይፍሰስ። ሙዪው።»

ጋቢውን ከትከሻው ጣለ። ያን ሁሉ ወር የደበቀውን እጅ ሰው ፊት ዘረጋው። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እጄ ታሟል። አይድንም ብለውኛል። ደብቄያችሁ ነበር» አለ። ጽዋው ተሞላ፤ ተባረከ፤ አባቴ አነሳው። ጠላው በጣቶቹ መሃል እየወረደ ቄጠማው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

በዕድሜ ስለሚበልጡ መጀመሪያ ባልቴቷ ጋ ደረሰ። ጽዋውን አልነኩትም። ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው ከእጁ ሥር ዘረጉና የሚፈሰውን አጠራቅመው ጠጡ። «ለእኔ የፈሰሰው ይበቃኛል» አሉ አፋቸውን እየጠረጉ፤ «ሙሉውን ለወጣቶቹ ስጥ።» ቀጥሎ የነበረው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ የአባቴን እጆች ከነጽዋው በራሱ እጆች አቅፎ ተጎነጨ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም እንደዚያው አደረጉ። አባቴ ያጠጣቸው ይሁን እነሱ አባቴን የያዙት፣ መለየት አቃተኝ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ጠራኝ። «እጄን አርጋልኝ ብዬ ለመንኩት፤ እሱ የሚይዙኝን እጆች ላከልኝ። ዕድሜ ልኬን አማኑኤል፣ አማኑኤል እላለሁ፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት መሆኑ ግን ትናንት ነው የገባኝ» አለኝ። ወዲያው አንድ ሆዱ የገፋ ሰውዬ ኮት ሊለካ መጣ። አባቴ ሜትሩን አነሳና «ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት?» አለ። እናቴ ጓዳ ሆና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

በሽታው አልማረውም። እግሩን ያዘው፤ ቀጥሎ ድምፁን አሳነሰው፤ መኪናውም ተሸጠ። ማኅበሩን ግን አልተወም፤ ተራው ሲደርስ እናቴ በአንድ ወገን እኔ በሌላው ሆነን እጁን እንይዝለታለን። ከጸሎቱ ውስጥ «አርጋልኝ» የምትለዋ ወጣችና በቦታዋ «ተመስገን» ገባች። እጁ የረጋው የሞተ ዕለት ነው። ያን የረጋ እጅ ይዤ፣ እንደገና ቢንቀጠቀጥልኝ ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። የእኔ ሐኪም አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ የነገረኝ ግን ያንኑ ነው። አላማርርም። አባቴ በጭንቅ የሄደበትን መንገድ እኔ ተጠርጎ ነው ያገኘሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ዛሬ ሃያ ስምንት ነው፤ ማኅበርተኞቹ እኔ ቤት ይመጣሉ። ሻዬን አስቀምጬ ወደ ጓዳው ቀና ብል፣ ልጄ ጽዋውን እስከ ወገቡ ቀድታ ጥልፉን ጨርቅ ስታለብሰው አየኋት። ይህን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም።

«ልጄ» አልኳት።

«አቤት፣ እማዬ።»

«ሙዪው።»