የጥሩሸዋ ባና

ጥሩሸዋ ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ቆላ ስትዳር እናቷ የፈተሉት የሱፍ ባና አብሯት ወረደ። መንዝ ባና አይታጠብም፤ በጥቅምትና በኅዳር ደጅ ይሰጣል፣ ውርጭ ያድርበታል፣ ጠዋት በዱላ ይራገፋል፣ አለቀ። ቆላ ውርጭ የለም። እሷ ግን ልማዷን ይዛ ውሃ አላስነካችውም። እናቷ አርፈዋል፤ ጠረናቸው የቀረው እዚያ ላይ ነው።

በሁለተኛው ክረምት ደረቷ ተዘጋ። እንደ ወናፍ ታፏጫለች። አንዱ ዛር ነው አለ፣ ሌላው ቡዳ፤ ሁሉም ግን በር ዘግተው ያንኑ ባና አከናነቧት። የታፈነን ሰው በማፈን ማዳን ከየት የመጣ ጥበብ ነው?

በ፲፱፻፶፮ አባቷ ሲያርፉ ለለቅሶ መንዝ፣ ዘመሮ ወጣች። ወንድሟ ቅጣው ቤት ዐሥራ አምስት ቀን ስትሰነብት አንዴም አልሳለችም። ባሏ ተገኘ ይህን ሲሰማ ሕመምሽ ናፍቆት ነው ብሎ ቀለደባት። ከዚያ ወዲህ ሲብስባት በቅሎ ይጭንላታል፤ ደጋ ወጥታ ትድናለች፣ ተመልሳ ትታመማለች። ጤነኛ ሴትም አገሯ ይናፍቃታል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም፤ በቅሎው የሚጫነው ለሳሏ ነው።

ዓለም ከተማ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ፣ ነበር፤ አፈወርቅ የሚባል የግሼ ደጋ ሰው። በመንደሯ ሲያልፍ ቤቷ ገብቶ ባናውን መታ መታ ቢያደርገው ትንፋሿ እዚያው ተያዘ።

«አቶ ተገኘ፣ የታመመው መኝታው ነው» አለ። «ወይ ቀቅሉት፣ ወይ ደጋ ሰዳችሁ ውርጭ አስመቱት።»

እውነቱን ነው። በሞቀና በረጠበ ቤት፣ መኝታ ውስጥ፣ በዐይን የማትታይ ተባይ ትራባለች፤ ኩሷ ደረት ይዘጋል። የተማሩት ይህን ጽፈውታል፤ ለጀማ ሰው ግን ማን ወርዶ ነገረው?

ሱፍ ሲቀቀል ይኮማተራልና ጥሩሸዋ አይሆንም አለች።

«እንግዲያው ባናው ይሂዳ» አለ ተገኘ። «አንቺ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

ባናውን ለቅጣው የሚወስደው ደጋና ቆላ የሚመላለስ ነጋዴ፣ አባይነህ፣ ነበር። ጥሩሸዋ እስከ አጥሩ ሸኘችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ቅጣውን፣ ውርጭ አታሳየው፣ እንዳለ መልሰው ብላለች በለው» አለችው።

አባይነህ መልእክቱን አደረሰ። ቅጣው ግን እህቱን የሚወድ ሰው ነው፤ አብዳለች እንዴ ብሎ ሰባት ሌሊት ውርጭ ላይ አሰጣው፣ ሰባት ጠዋት አራገፈው።

በታኅሣሥ ባናው ተመለሰ። ፈትታ ፊቷን ቀበረችበት። እንደ መንዝ ሜዳ ጓሳ ጓሳ ይላል፣ ብርዱ፣ ሣሩ፣ በጉ። ተገኘ ሳታስል ሲያያት ተመስገን፣ ዳንሽልኝ አለ፣ ከልቡ።

ደግማ ትንፋሽ ሳበች፣ ሠለሰች። ሳል ፈለገች፤ አልመጣላትም።