የጭድ ጥጃ

ልጅ ሳለሁ ሰውንም ሆነ ከብትን ቶሎ አላምንም ነበር፤ ጥፋቱ ደግሞ የጎረቤታችን የአባባ ጉተማ ነው። ያኔ አዳማ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉ ጥቂት ጎጆዎች ነበረች። አባቴ ጣቢያው ውስጥ እንጨት ይጭናል። አባባ ጉተማ ጢማም ሽማግሌ ነበሩ፤ በጉብዝናቸው እስከ ዝዋይ ድረስ በቅሎ ሲነዱ ኖረው፣ እርጅና ሲይዛቸው ምሽት ምሽት ከእኛ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው ሞተው ስለተነሱ እንስሳት ያወሩልን ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የተቀመጥንበት አጎዛ ባለቤት የሆነው በግ ቆዳውን ሊያስመልስ እንደሚመጣ ይነግሩናል፤ እኔም ቀስ ብዬ ከአጎዛው ላይ እነሳለሁ። ደግሞ የዓመት በዓል ዶሮ አለች፣ በየቤቱ ድስት እየከፈተች «ፈረሰኛዬን ማን በላው?» የምትል። አባቴ እንኳ ይህን ሲሰማ ወደ በሩ ያይ ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴን ወባ ጣላትና ጡቷ ደረቀ። የታናሽ ወንድሜ ነፍስ በላማችን በቡሬ ወተት ላይ ተንጠለጠለች። ምን ዋጋ አለው፣ የቡሬ ጥጃ ሞተ፤ ላም ደግሞ ጥጃዋን ሳታይ ወተቷን አትለቅም። አባቴ እንደ አገሩ ወግ ቆዳውን ገፎ፣ ጭድ ጠቅጥቆ፣ ጨው ነስንሶ ጋጣው ውስጥ አቆመው። ቡሬም እየላሰችው ታለበች። እናቴ ተመስገን አለች፤ እኔ ግን ያን ጥጃ በክፉ ዓይን አየው ጀመር። ዓይን የሌለው ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ ይመስለኛል። ለአባባ ጉተማ ሹክ ብላቸው፣ ኦሮምኛ ቀላቅለው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም አልወደድኩትም» አሉኝ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እሳት ሊጭሩ ጎራ ሲሉ የጥጃው ሆድ ተንቀሳቀሰ። አባባ ጉተማ ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም፤ በበቅሎ መንጃ ዱላቸው ወረዱበት። ሆዱ ተተረተረ፣ ጭዱ ውስጥ ገብታ እንቁላል ልትጥል የተቀመጠችው ዶሮአችንም እየጮኸች ወጣች። ሽማግሌው ዶሮዋን ሲያዩ ዱላቸውን ጥለው «እኔ አልበላሁትም» አሉ።

ሳቃችን ግን አልቆየም። ጥጃው ዳግመኛ አልቆም አለ። ቡሬ እግሯን እያወናጨፈች ወተቷን ያዘች፤ የወንድሜም የልቅሶ ድምፅ እየሰለለ ሄደ። በጣም ፈራሁ፤ ይህ የተረት ፍርሃት አልነበረም። እናቴ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «የሞተ ጥጃ የገደለ ሰው በእርስዎ አየሁ፤ በሉ እንግዲህ እርስዎ ይቁሙልኝ» አለቻቸው።

አባባ ጉተማ የተቀደደውን ቆዳ ጀርባቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጨው ተነስንሶባቸው፣ ቡሬ ፊት በእጅና በጉልበታቸው ቆሙ። እሷም ቆዳውን አሸተተች፣ ፊታቸውን አየች፣ አሁንም አሸተተች። ከዚያ በሻካራ ምላሷ ሽበታቸውን ትልስ ጀመር፤ ወተቱ ጮጮው ውስጥ ሲወርድ ሰማን። ሽማግሌው አለቀሱ። ጨው ዓይኔ ገባ አሉ፤ ያንንም አላመንኳቸውም።

ወንድሜ እህል እስኪለምድ ድረስ ማታ ማታ ጥጃ ሆነው ከረሙ፤ ተረቱንም ከላሟ ምላስ ሥር ሆነው ያወሩልን ነበር። ያኔ ተረቱም ተለወጠ፤ የሞቱት እንስሳት የሚነሡት ሊበቀሉ መሆኑ ቀርቶ የተራበ ልጃቸውን ሊያጠቡ ሆነ።

ዛሬ ወንድሜ የልጅ ልጅ አይቷል፤ የእኔ ጥርጣሬ ግን አልለቀቀኝም። ይህን የሰማ ሁሉ ላሟ ተታለለች እያለ ይስቃል። ቡሬ ጢም ያለው ጥጃ እንደሌለ ሳታውቅ ቀርታ ነው ቢሉኝ አላምንም። ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ጆሮዋን ወደ እሱ ታዞር ነበር።